የበሩ ምክርና ሚዛኑ

ጊዜው ኅዳር ወር ፲፱፻፺፬ ዓ.ም. ነበር፤ አባ በሩ ያን ጊዜ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደባቸው ሰዎች በሚታሰሩበት ወህኒ ቤት የመውጫ በር ኃላፊ ሆነው ጉልምስናቸውን ስለ ፈጁ፣ ታሳሪውም ዘቡም፣ ኋላ ኋላ የገዛ ሚስታቸውም ጭምር «አባ በሩ» እያሉ ጠሯቸው፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ።

ሰው ፍርዱን ጨርሶ፣ የገባበትን ልብስ ተረክቦ ሲመጣ አባ በሩ ከመዝጊያው አጠገብ ያቆሙትና በወህኒ ቤቱ ሁሉ የታወቀውን ምክራቸውን ያሰሙታል። ይህን ያዘዛቸው የለም፤ በደንብም አልተጻፈም። ከልባቸው አፍልቀው የጀመሩት ነው። ሰሚው አንዳንዴ ያለቅሳል፣ አንዳንዴም እጃቸውን ስሞ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ ወይም አንድ ሾፌር በመንገድ ላይ ሲያገኛቸው እየሮጠ መጥቶ «አባቴ፣ ያኔ የነገሩኝ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም» ይላቸዋል። እንዲህ ያለ ቀን አባ በሩ ቤታቸው እስኪደርሱ እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም። ከእርሳቸው አፍ ሰምቶ የወጣ ሰው ዳግመኛ እንደማይታሰር፣ ፀሐይ ነገም እንደምትወጣ የሚያምኑትን ያህል ያምኑ ነበር።

በዚያ ኅዳር አንድ ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት ተጠሩ። ከዋና ኃላፊው ቢሮ ፊት ለፊት ካለው የእንጨት ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ፣ ከወንበሩ ጫፍ አንዲት ወጣት ወረቀት በጭኗ ላይ ዘርግታ ታነባለች። ቀና ስትል ተያዩ።

«አንቺ ልጅ! እዚህ ደግሞ ምን አመጣሽ? ማን ታሰረብን?»

የወንድማቸው ልጅ ነበረች። ወንድማቸው ካረፈ ወዲህ እንደ አባት ሆነው ያሳደጓት እርሳቸው ናቸው። ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት የሚጠና ትምህርት ተምራ መመረቋን ቢያውቁም፣ «ምኑ ይጠናል? ሌባ ይሰርቃል፣ ዳኛ ይፈርዳል፣ እኔ እከፍታለሁ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

«ኧረ ማንም አልታሰረም፣ አጎቴ» አለች እየሣቀች ብድግ ብላ። «ለሥራ ተጠርቼ ነው። እርስዎስ በደኅና ነው?»

«እኔማ በስተርጅና ሹመት ሊያሸክሙኝ ነው መሰለኝ። ምክሬን በየወህኒ ቤቱ በር ሊያስነግሩት፣ ለሚመክሩትም ዘቦች የማሠልጠኛ አዳራሽ በስሜ ሊሠሩ ነው አሉ። እስቲ አስቢው! ጡረታ ልወጣ ዓመት ሲቀረኝ!»

የልጅቱ ሣቅ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። «እንግዲያስ አጎቴ» አለች፣ «የተጠራነው ለአንድ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም።»

እውነትም ለአንድ ጉዳይ ነበር። ዋና ኃላፊው ጨዋታ የሚወዱ፣ በሥራ ግን የሚቸኩሉ ሰው ነበሩና ሁለቱንም በአንድነት አስገቧቸው። ልጅቱም ስትጠየቅ አሳቧን በአክብሮት ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ከወህኒ የሚወጣ ሰው ወደ ጥፋት እንዳይመለስ ብለን የምናደርግለት ነገር በእውነት ይረዳው እንደ ሆነ ማወቅ እንፈልጋለን። ከሚጠኑት አንዱ ይህ የበር ምክር ነው። ሁለተኛው፣ የሚወጣውን ሰው ከበሩ ውጭ ቆሞ የሚቀበል፣ ማደሪያና ሥራ ሲፈልግ አብሮት የሚዞር ሰው ብንመድብስ የሚለው አሳብ ነው። ምክሩ በየቦታው ከመስፋፋቱ በፊት ጥናቱ እንዲቀድም እለምናለሁ።»

ዋና ኃላፊው ወደ አባ በሩ ዞሩ። «ነገሩ በእርስዎ እጅ ነው። ከፈቀዱ ይጠና። ካልፈቀዱ ግን ሊያርፉ በተቃረቡበት ጊዜ ስምዎን በጥርጣሬ አላሳድፍም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትእዛዙን ፈርሜ አወጣዋለሁ።»

አባ በሩ «ላስብበት» ብቻ ብለው ወጡ።  ከግቢው ሲደርሱ ግን የታፈነው ፈነዳ።

«ያሳደግሁሽ መስሎኝ! ለካስ ሚዛን ላይ ልታወጪኝ ኖሯል የተማርሽው!»

«እርስዎን አይደለም የምመዝነው፣ አጎቴ፤ ምክሩን ነው።»

«እኔና ምክሬ ምንና ምን ነን? እድሜዬ ያለው እዚያ ውስጥ አይደለም ወይ? የታወቀ ነገርስ ይጠናል? ፀሐይ በምሥራቅ መውጣቷን ለማወቅ ኮሚቴ ይቋቋማል?»

«መታወቁን በምን አወቁ?»

«በዓይኔ! ሰዎቹ እየመጡ ሲያመሰግኑኝ በጆሮዬ!»

«አይቆጡኝና» አለች፣ «አንድ ሐኪም መድኃኒት ሰጠ እንበል። የዳነው ተመልሶ መጥቶ ያመሰግነዋል። የሞተው ግን መቼ መጥቶ ይወቅሰዋል? ሐኪሙ የሚሰማው የአመስጋኙን ድምፅ ብቻ ነው።»

«እኔ ጋ የሞተ የለም! ከእጄ ወጥቶ ተመልሶ ወደ እኔ በር የመጣ አንድ ሰው ጥሪልኝ! አንድ!»

«የለም፤ ሊኖርም አይችልም።»

«አየሽ!»

«አጎቴ፣ ሁለተኛ የተፈረደበት ሰው የሚታሰረው የት ነው?»

«የት ይታሰራል? ደጋሚ ከጀማሪ ጋር አይደባለቅም፣ ደንብ ነው። ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወደ ደጋሚዎች ወህኒ...» አሉና ቃሉን ሳይጨርሱት ቀሩ።

ነገር ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ያንን ደንብ አባ በሩ ከስማቸው እኩል ያውቁት ነበር። ዘቦቹም ሁሉ ያውቁታል፤ ምሥጢርም አይደለም። ነገር ግን በዚያው ደንብ ምክንያት፣ የተመለሰውን ሰው ለማየት የማይቻልበት ብቸኛው ስፍራ የእርሳቸው በር መሆኑ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ታስቧቸው አያውቅም። አንባቢ ሆይ፣ አትፍረድባቸው። እኛም ብንሆን የቆምንበትን ስፍራ ዓለም ሁሉ አድርገን ስንቆጥር የምንኖር ነን።

«እዚያ ያሉት ከሌላ ወህኒ ቤት የወጡ ይሆናሉ» አሉ። ድምፃቸው ግን ቅድም የነበረው ድምፅ አልነበረም።

«ሊሆን ይችላል፤ እኔም አላውቅም። ስለ ዕቅዱ ለመነጋገር ነገ እዚያ እሄዳለሁ። አብረውኝ ይሂዱ።»

በማግስቱ ሄዱ። የደጋሚዎቹ ወህኒ ቤት አለቃ በደስታ ተቀበሏቸውና፣ ለመነጋገር ፈቃደኛ የሆኑ ታሳሪዎች ወዳሉበት ወደ እንጨት ሥራው ክፍል አስገቧቸው። ክፍሉ ረዥም ነው፤ የመላጊያ ድምፅ፣ የሙጫ ሽታ፣ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፍ የእንጨት ብናኝ ሞልቶበታል። አባ በሩ ደፉን እንዳለፉ በመጀመሪያ አንዱ መላጊያ ቆመ። ቀጥሎ ሌላው ቆመ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ።

«ጎበዝ፣ ተነሡ!» አለ አንድ ቀጭን ሰው ከመካከል። «አባ በሩ መጡ!»

ተነሡ። የሚነሡት አንድ ሁለቱ ብቻ መስለዋቸው ነበር፤ ተቀምጦ የቀረው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ቀጭኑ ሰው፣ በሙያው ሰዓት ሠሪ የነበረ ነው፣ እጁን በሌለ መዝጊያ ላይ እንዳሳረፈ ሁሉ ዘርግቶ፣ ድምፁን አወፍሮ ጀመረ።

«ልጄ ሆይ፣ ይህ በር የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው!»

«ወደ ውስጥ የሚከፍተው የገዛ እጅህ ነው!» ብለው ሁሉም በአንድ ድምፅ መለሱ።

«እጅህን ሥራ አስተምረው!»

«ሥራ የማያውቅ እጅ የሰው ኪስ ያውቃል!»

ፌዝ አልነበረም። ልጆች ሰፈር ለሰፈር ሲጫወቱ የአባታቸውን አነጋገር እንደሚያስመስሉ፣ በፍቅር ነበር የሚሉት። አንዲት ቃል አልሳቱም፤ አባ በሩ ትንፋሽ የሚወስዱበትን ስፍራ እንኳ አልዘለሉም። ይህ ነው ያስደነቃቸው፤ ይህም ነው ያደቀቃቸው። ቃላቸው እንዲህ በሰው ልብ ተቀርጾ እንደሚኖር አልመው አያውቁም ነበር። በልባቸው የተቀረጸባቸው ሰዎች ደግሞ እነሆ፣ የታሳሪ ልብስ ለብሰው ከፊታቸው ቆመዋል።

ልጅቱ ወንበር አቀረበችላቸው። ሲቀመጡ ሰዓት ሠሪውን ጠሩት።

«ልጄ፣ ምክሬን ረሳኸው እንዳልል በቃልህ ትወጣዋለህ። ታዲያ ምን ሆነህ ተመለስህ?»

«አባቴ፣ ምክርዎማ አልጠፋብኝም» አለ ከመሬት ተቀምጦ። «የጠፋብኝ ማደሪያ ነው። እያለቀስሁ ከበርዎ ወጣሁ፤ ከእንግዲህ ብዬ ማልሁ። እኅቴ ቤት ሄድሁ፤ ባሏ ከደጅ መለሰኝ። ሥራ ጠየቅሁ፤ ከየት መጣህ ሲሉኝ እውነቱን ተናገርሁ፤ እርስዎ አትዋሽ ብለውኝ የለ? አስወጡኝ። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ግባ ያለኝ፣ በፊትም መስረቅ ያስተማረኝ ሰውዬ ነው። እንግዲህ የተከፈተልኝ በር እሱ ነበር።»

አባ በሩ አንገታቸውን ደፉ። በዚህ ጊዜ ጠና ያለ፣ ሾፌር የነበረ ሰው ከኋላ ተናገረ።

«አባ በሩ፣ የሱን ብቻ ሰምተው አይሂዱ። እኔ ብዙ ዓመት ሰው ሆኜ የኖርሁት በምክርዎ ነው። እጄ ወደ ማይገባው ሲሄድ ድምፅዎ ይመጣብኝ ነበር። በኋላ መጠጥ ያዘኝና ድምፁ ራቀኝ እንጂ።»

«ድምፁ የራቀህ ጠርሙሱ ጆሮህ ላይ ተደፍቶ ነው!» አለ አንዱ፤ ክፍሉም በሣቅ ተናጋ። አባ በሩ ግን አልሣቁም።

በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወንዙን ሲሻገሩ አባ በሩ በመስኮቱ ወደ ውኃው እያዩ ተናገሩ።

«ጨርሻለሁ፣ ልጄ። ከነገ ጀምሮ በሩን እከፍታለሁ፤ አፌን ግን አልከፍትም። ነፋስ ስዘራ ኖሬአለሁ። አዳራሹም ይቅር፤ ጥናቱም ይቅር። መልሱን ዛሬ አየሁት።»

«አላዩትም» አለች።

«እንዴት አላየሁም? ዓይኔ ታወረ?»

«አጎቴ፣ እስከ ትናንት ያመሰገኑዎትን ብቻ አይተው ምክሬ ሁሉን ያድናል አሉ። ዛሬ ደግሞ የወደቁትን ብቻ አይተው ምክሬ ማንንም አያድንም ይላሉ። ትናንት በአንድ ዓይንዎ አዩ፤ ዛሬ በሌላው። በሁለቱም ገና አላዩም።»

ዞር ብለው አዩዋት።

«ሾፌሩ ያለውን ያስቡ» ብላ ቀጠለች። «ምክርዎ ባይኖር ወዲያው ይመለስ ነበር ወይስ ያለ ምክሩም ያን ያህል ይቆይ ነበር? እሱም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ሰዓት ሠሪውስ ከበሩ ውጭ የሚቀበለው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ባልወደቀ ነበር ወይ? ያንንም አናውቅም። የማናውቀውን አናውቅም ብለን መነሣት ነው የጥናት መጀመሪያው።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ትምህርትሽ ያስተማረሽ አላውቅም ማለትን ነው?»

«አዎ። እርሱንም ለመማር ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።»

አባ በሩ ዝም አሉ። ነገር ግን ይህ ዝምታ የቁጣ አልነበረም። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ሲያይ የሚይዘው ዓይነት ዝምታ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያወቁትን ሲናገሩ ኖረዋል። አለማወቅ እንዲህ ሰፊ፣ እንዲህም ንጹሕ ነገር ሊሆን ይችላል ብለው ግን አስበው አያውቁም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ከቤታቸው መጥታ ዕቅዷን በጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋች። ባለቤታቸው ከማዶ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ።

«በመጀመሪያ» አለች ልጅቱ፣ «የሚወጣው ሰው ሁሉ ይጠየቃል። እንቢ ካለ ምንም አይቀርበትም፣ ምንም አይጎድልበትም። እሺ ያሉት በአራት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ምክሩን ብቻ ይሰማል። አንዱ ከበሩ ውጭ ተቀባይ ብቻ ያገኛል። አንዱ ሁለቱንም ያገኛል። አንዱ ደግሞ በሌሎቹ ወህኒ ቤቶች እስከ ዛሬ እንደሚደረገው ብቻ ተሰናብቶ ይወጣል።»

«ማን የት እንደሚሆን ማን ይመርጣል?»

«ዕጣ።»

አባ በሩ ከጠረጴዛው ራቅ አሉ። «ዕጣ? የሰው ነፍስ በዕጣ? ለአንዱ መድኃኒት ሰጥቶ ሌላውን መከልከል ግፍ አይደለም?»

«መድኃኒት መሆኑን አውቀን ብንከለክል ግፍ ነበር። ገና አላወቅንም። ተቀባዮቹም ቢሆኑ ለሁሉ የሚበቁ አይደሉም፤ የግድ አንዱ ያገኛል፣ አንዱ ያጣል። ማን እንዲያገኝ በምን እንምረጥ? በመልኩ? በዘመዱ?»

«ደኅና ደኅናውን እኔ እመርጣለሁ! ሰው አውቃለሁ።»

«ደኅና ደኅናውንማ ከመረጡ፣ በኋላ ያልተመለሱት በተቀባዩ ብርታት ነው ወይስ ድሮውንም ደኅና ስለ ነበሩ? በምን እንለየዋለን? ዕጣ ዓይን የለውም፤ ስለዚህ አያዳላም። ብርቱውንም ደካማውንም፣ ዘመድ ያለውንም የሌለውንም በየወገኑ ይበትነዋል። ያን ጊዜ ወገኖቹ የሚለያዩት እኛ ባደረግንላቸው ነገር ብቻ ይሆናል።»

«ዕጣ መኖሩ ከታወቀ» አሉ ባለቤታቸው ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ፣ «እስቲ እኔንም አስገቢኝ። ምናልባት ምክር ከማይሰማው ወገን ይደርሰኝ ይሆናል።»

«አንቺ ደግሞ!»

«ምን አንቺ ይሉኛል? ለወህኒ ቤቱ በር እኮ ነው የዳሩኝ የሚመስለው፤ ገበያ ስወጣ ምክር፣ ስመለስ ምክር!»

ልጅቱ እስክታነባ ሣቀች፤ አባ በሩም በመጨረሻ ፈገግ አሉ። ከዚያ ግን ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል» አሉ። «እኔ የማውቀው ይህን ነበር።»

«መከራ መካሪ ቢሆን ኖሮ አጎቴ፣ ባለፈው ያየነው ክፍል ባዶ በሆነ ነበር።»

ይህችን ቃል ረዘም ላለ ጊዜ አላመጧት። ቀጥለውም ጠየቁ። «ተመለሰ የምትዪውስ በምን ይታወቃል? በገበያ አንድ ነገር ሲጠፋ ፖሊስ መጀመሪያ የሚይዘው ትናንት የወጣውን ነው። ያ ሁሉ ተመለሰ ሊባል ነው?»

«አይባልም። ተይዞ የተለቀቀውን ለብቻ፣ ተፈርዶበት የገባውን ለብቻ እንይዛለን። ወሬው የጠፋውንም ሰው ‹ዳነ› ብለን አንቆጥርም፤ ዝም ማለቱ ደኅና መሆኑን አይነግረንም። በመካከል አንዱ ወገን እየተጎዳ መሆኑ ከታየም ጥናቱ ይቆማል።»

«መልሱ ደስ የማይል ከሆነስ?»

«አሁን፣ መልሱን ሳናይ፣ ምን ብናይ ምን እንደምንል ጽፈን ለሌሎች ሰዎች በአደራ እንሰጣለን። ኋላ መልሱን እንደ ፍላጎታችን እንዳናጣምም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ፣ እኔም እፈራለሁ። የተቀባዩ አሳብ የእኔ ነው። እወደዋለሁ፤ እንደሚሠራም በልቤ አምናለሁ። ልክ እንደ እርስዎ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቅዱን የሠራሁት ምክርዎን ብቻ እንዲፈትን አድርጌ አይደለም፤ እኔንም ሊያሳፍረኝ እንዲችል አድርጌ ነው።»

አባ በሩ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት። የሚያነቡት አልነበረም፤ ዝም ብለው ያዩት ነበር። ብዙ ዳኛ አይተዋል፤ ሁሉም በሌላ ሰው ላይ የሚፈርዱ ነበሩ። በወደደው አሳብ ላይ ሊፈርድ የሚችል ችሎት በገዛ እጁ አቋቁሞ፣ ፍርዱን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ግን አላዩም። ያ ሰው ደግሞ ከጭናቸው ላይ ፊደል የቆጠረችው ይህች ልጅ ናት። 

«ወንድሜ ይህን አይቶ ቢሆን ኖሮ» አሉ ወረቀቱን እየመለሱላት።

በሳምንቱ ከዋና ኃላፊው ፊት ቀረቡ። የአዳራሹ ንድፍ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ስማቸውም በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። አንዴ አዩትና ዞሩ።

«ጌታዬ፣ ትእዛዙን አይፈርሙት» አሉ።

«ምን ነካዎት አባ በሩ? ሰው ክብር ሲሰጠው እንቢ ይላል?»

«ክብሩ የእኔ ነው፤ የሚወጡት ሰዎች ግን የሰው ልጆች ናቸው። ምክሬ ከንቱ ከሆነ፣ በየበሩ ስናስነግረው ኖረን፣ በዚያ ድካም ሌላ የሚጠቅማቸውን ማድረግ ስንችል ጊዜያቸውን እናባክናለን፤ በሠራን መስሎን እንተኛለን። የሚጠቅም ከሆነም፣ እገሌ የሚባል ሽማግሌ ስላለ ሳይሆን ተፈትኖ ስለ ተገኘ ይያዛል፤ እኔ ስሞት አብሮኝ አይሞትም። ለአንዱ ዓይነት ሰው ጠቅሞ ለሌላው የማይበቃ ከሆነም ማን ምን እንደሚጎድለው እናውቃለን። ደጋሚ የቀነሰ እንደ ሆነ የሚሰረቅበት ሰው ይቀንሳል፤ አባቱን በፍርግርግ የሚያይ ልጅ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ቀድሞ በማሰብ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው መሬቱን ሳይፈትሽ ግድግዳ አያቆምም። እኔ ግን በሰው ሕይወት ላይ ሳልፈትሽ ስሠራ ኖርሁ።»

ዋና ኃላፊው ለጥቂት ጊዜ በእርሳስ ጠረጴዛውን መቱ። «መልሱ በእርስዎ ላይ ቢወጣስ? በጡረታዎ?»

«እንግዲያስ እውነት ሰምቼ አርፋለሁ። ሳይሰሙ ከማረፍ ይሻላል።»

ትእዛዙ ሳይፈረም ቀረ፤ ጥናቱ ተፈቀደ።

ዝግጅቱ አልቆ ዕጣ መውጣት የጀመረበት ዕለት፣ በመጀመሪያ የደረሰው አንድ ጎልማሳ ነበር፤ ግንበኛ ነው። አስቀድሞ ተጠይቆ እሺ ብሏል። ዕጣው ወጣ፤ ምክርም ተቀባይም ከሌለው ወገን ሆነ። ልጅቱ ከዘቦቹ ክፍል ሆና ታያለች፤ አጎቷ የሚጨንቃቸው መስሏት ዓይኗን ከእርሳቸው አልነቀለችም።

ግንበኛው ልብሱን ለብሶ መጣ። ስለ አባ በሩ ምክር ሰምቶ ኖሮ ከመዝጊያው አጠገብ በራሱ ጊዜ ቆመና ቀና ብሎ ጠበቀ። የአባ በሩ ከንፈር ተላቀቀ። የመጀመሪያዋ ቃል እስከ ጥርሳቸው ደርሳለች። ያን ሰው ይወዱት ነበር፤ ትሑት፣ ሥራ ወዳድ ሰው ነው። ማንም አያውቅ፤ አንዲት ቃል በሹክሹክታ ብትነገር ማን ይሰማል? ነገር ግን ያች አንዲት ቃል ሚዛኑን እንደምትሰብር፣ ሚዛኑ ከተሰበረም ከዚህ ሰው በኋላ ለሚመጡት ሁሉ እውነቱ እንደሚጠፋ አሁን ያውቃሉ። አፋቸውን ገጠሙ። ጨበጡት፤ «በደኅና ግባ» አሉት፤ ለማንም የሚባለውን ያህል ብቻ። በሩን ከፈቱለት።

ቀድሞ ምክራቸውን እንደ ጨረሱ በሩን ዘግተው ወደ ሚቀጥለው ሰው ይዞሩ ነበር። ዛሬ የሚናገሩት ስለሌላቸው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ማየት ብቻ ቀራቸው። ግንበኛው ጥቂት እርምጃ ሄደና ከመንገዱ ዳር ቆመ። ወደ ቀኝ አየ። ወደ ግራ አየ። እንደገና ወደ ቀኝ አየ። የት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር።

አባ በሩ በዚያ በር በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ የሚወጣ ሰው ከወጣ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ልጅቱ ቀርባ አጠገባቸው ስትቆም እንባቸው በጉንጫቸው ይወርድ ነበር። ግንበኛው ቀስ ብሎ በግራ በኩል መንገዱን ይዞ እስኪሰወር ድረስ ሁለቱም ቆመው አዩት።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይህ ጥናትሽ በርትቶ ይሂድ። እኔም ጡረታዬ እስኪደርስ እዚህ ቆሜ ዝም ማለት ያለብኝን ዝም እላለሁ፤ መናገር ያለብኝንም እናገራለሁ።»

ይህን ታሪክ ያጫወቱኝ አባ በሩ ራሳቸው ናቸው፤ ቀሪውን ልጅቱ ሞልታልኛለች። የተነገሩትን ቃላት እንደ ሰማኋቸው ለመጻፍ ደክሜአለሁ፤ ነገር ግን ዓመታት አልፈዋል፣ የእኔም ማስታወስ እንደ ቀድሞው አይደለም። በዚያ ወህኒ ቤት የሠራችሁ ወይም የነበራችሁ ሰዎች ይህን ብታነቡና ያጎደልሁት ወይም ያዛባሁት ነገር ቢኖር፣ አርሙኝ፤ እርማታችሁን በምስጋና እቀበላለሁ።